ከቤት ሆነን ለሌላ ስቴት ድርጅት ስንሠራ የስቴት ታክሱ የማን ነው?



ከጁምዓ ሶላት በኋላ አንዲት እህት ፖስታ ይዛ መጣችና «እስኪ ይህን አንብቡልኝ» አለችን። ደብዳቤው ከቨርጂኒያ ስቴት የታክስ መሥሪያ ቤት የተላከ ነው። እህታችን የምትኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ሲሆን፣ የምትሠራው ግን ቢሮው ቴክሳስ ለሚገኝ ድርጅት ከሳሎኗ ሆና ነው። ሥራውን ስትጀምር «ቴክሳስ የስቴት ታክስ የለም፤ ዕድለኛ ነሽ» ተብላ ነበር። እውነትም ሁለት ዓመት ሙሉ ከደመወዟ ለስቴት አንድም ሳንቲም አልተቆረጠም። የፌዴራል ታክሷን በየዓመቱ አሠርታለች። የቨርጂኒያን ግን ማንም አላነሳላትም፤ እሷም አልጠየቀችም።

የደብዳቤው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ በሁለቱም ዓመታት የቨርጂኒያ ነዋሪ ነበሩ፤ ታክስዎን አላስገቡም፤ ከነቅጣቱና ከነወለዱ ይክፈሉ።

እህታችን ያጭበረበረችው ነገር የለም፤ የተነገራትን አምና ነው። ችግሩ የእሷ ብቻ እንዳልሆነም እናውቃለን። ከ2020 ወዲህ ብዙ ወንድሞችና እህቶች ከቤታቸው ሆነው በኮምፒውተር፣ በኢንሹራንስ፣ በደንበኞች አገልግሎት፣ በጭነት መኪና ዲስፓች ሥራ ተሰማርተዋል። አሠሪው አንድ ስቴት፣ ሠራተኛው ሌላ ስቴት ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ ማስረዳት ይጠቅማል ብለን ይህን ጽሑፍ አዘጋጀን።

ሁለት ጥያቄዎች

የስቴት ታክስ ጉዳይ ውስብስብ የሚመስለን ከአሠሪው አድራሻ ስለምንጀምር ነው። መጀመር ያለብን ከራሳችን ነው። ሁለት ጥያቄዎች አሉ።

የመጀመሪያው፣ «የምኖረው የት ነው?» የሚል ነው። የገቢ ታክስ ያለው ስቴት ነዋሪውን ከየትም ባገኘው ገቢ ላይ ታክስ ይጠይቀዋል። አሠሪው ቴክሳስ ይሁን ካሊፎርኒያ ለመኖሪያ ስቴታችን ለውጥ የለውም።

ሁለተኛው፣ «ሥራውን ስሠራ የት ነበርኩ?» የሚል ነው። ነዋሪው ያልሆንንበት ስቴት ታክስ ሊጠይቀን የሚችለው በመሠረቱ እዚያ መሬት ላይ ሆነን በሠራነው ሥራ ነው። ቦታው የሚታየው በተቀመጥንበት ወንበር ነው። የድርጅቱ ስም የተመዘገበበት ወይም ቼኩ የተጻፈበት ስቴት በአብዛኛው አይታይም።

እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በእህታችን ጉዳይ ላይ እናስቀምጣቸው። የምትኖረው ቨርጂኒያ ነው። የሠራችውም ቨርጂኒያ ሆና ነው። ስለዚህ ታክሱ ሙሉ በሙሉ የቨርጂኒያ ነው። ቴክሳስ የደመወዝ ታክስ አለመኖሩ የሚጠቅመው የቴክሳስ ነዋሪን ነው።

ገንዘቡ ምን ያህል ነው? በቨርጂኒያ ከ17,000 ዶላር በላይ ያለው ታክስ የሚታሰብበት ገቢ 5.75 በመቶ ይከፈልበታል። በዓመት 60,000 ዶላር የሚያገኝ፣ ቤተሰብ የሌለውና መደበኛውን ተቀናሽ የሚወስድ ሰው ለቨርጂኒያ የሚከፍለው ከ2,600 ዶላር በላይ ይሆናል። በየቼኩ ቢቆረጥ ብዙም አይሰማም። የሁለት ዓመቱ ከነቅጣቱ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ግን የቤት ኪራይ የሚያናጋ ዕዳ ነው።

«ስቴቱ እንዴት አወቀ?» ብላ ጠይቃን ነበር። የፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት አይአርኤስ ከስቴቶች ጋር መረጃ የሚለዋወጥበት ስምምነት አለው። የፌዴራል ቅጽ ላይ የቨርጂኒያ አድራሻ ተጽፎ የቨርጂኒያ ቅጽ ካልገባ ልዩነቱ ይታያል። ደብዳቤው ሊዘገይ ይችላል እንጂ መምጣቱ አይቀርም።

ታክሱ ለሌላ ስቴት ሲቆረጥ

የእህታችን ችግር ምንም አለመቆረጡ ነበር። ሌላው የተለመደ ችግር ደግሞ ለማይገባው ስቴት መቆረጡ ነው።

ለምሳሌ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖር ወንድም ኖርዝ ካሮላይና ላለ ድርጅት ከቤቱ ይሠራል እንበል። አሠሪው ሁሉንም ሠራተኛ አንድ ላይ አድርጎ ለኖርዝ ካሮላይና ይቆርጣል። ወንድማችን ኖርዝ ካሮላይና ሄዶ አንድ ቀን እንኳ አልሠራም። በዓመቱ መጨረሻ በደብሊው-2 ቅጹ ላይ የኖርዝ ካሮላይና ስም አለ። «ለስቴት ከፍያለሁ» ብሎ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ሜሪላንድ ታክሱን ገና አላገኘችም፤ የካውንቲውም ታክስ አልተከፈለም። ሁለተኛ፣ «ለኖርዝ ካሮላይና የተቆረጠውን ቀንሱልኝ» ቢል ሜሪላንድ አትቀበለውም። ለሌላ ስቴት የተከፈለ ታክስ የሚቀነሰው በትክክል የሚገባው ታክስ ከሆነ ነው። በስህተት የተቆረጠ ገንዘብ አይቆጠርም።

መፍትሔው በኖርዝ ካሮላይና የነዋሪ ያልሆነ ሰው ቅጽ መሙላት፣ እዚያ የተሠራ ሥራ እንደሌለ ማሳየትና ገንዘቡን ማስመለስ ነው። ለሜሪላንድ ደግሞ ሙሉውን መክፈል ነው። ተመላሹን ለመጠየቅ ገደብ አለው፤ በአብዛኞቹ ስቴቶች ሦስት ዓመት ነው። ከዚያ ካለፈ ኖርዝ ካሮላይና ገንዘቡን አትመልስም፣ ሜሪላንድም የራሷን መጠየቋን አትተውም። ሰው በስንፍና ሳይሆን ባለማወቅ ብቻ ሁለት ጊዜ የሚከፍለው እንዲህ ነው።

ሲያትል ለምትኖሩም ተመሳሳይ ነገር ይገጥማል። ዋሽንግተን ስቴት ተራ ደመወዝ ላይ የገቢ ታክስ የለውም። ቢሮው ካሊፎርኒያ ለሆነ አሠሪ ሙሉ በሙሉ ከቤታችሁ የምትሠሩ ሆኖ ለካሊፎርኒያ እየተቆረጠባችሁ ከሆነ፣ ያ ገንዘብ የሚጠየቅና የሚመለስ ነው።

የደመወዝ ታክስ የሌላቸው ስቴቶች ዘጠኝ ናቸው፦ ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳ፣ ኔቫዳ፣ ዋሽንግተን፣ ቴነሲ፣ ኒው ሃምፕሸር፣ ሳውዝ ዳኮታ፣ ዋዮሚንግና አላስካ።

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ

ከማኅበረሰባችን ብዙው በዚህ አካባቢ ስለሚኖር ለብቻው እናንሳው። ሦስቱ ነዋሪዎቻቸው እየተመላለሱ ስለሚሠሩ ስምምነት አላቸው፤ ደመወዝ የሚታከሰው በመኖሪያው ስቴት ብቻ ነው። ቨርጂኒያ እየኖረ ቢሮው ሜሪላንድ የሆነ ሰው በሳምንት ሁለት ቀን ቢሮ ገብቶ ሦስት ቀን ከቤቱ ቢሠራ የሚከፍለው ለቨርጂኒያ ብቻ ነው። ዲሲ እንዲያውም በ1973 በወጣው የራስ አስተዳደር ሕግ መሠረት ነዋሪዋ ያልሆነን ሰው የግል ገቢ መታከስ አትችልም።

ነገር ግን ስምምነቱ በራሱ አይሠራም። ለአሠሪው ነዋሪ አለመሆናችንን በቅጽ ማሳወቅ አለብን። ለዲሲ አሠሪ ዲ-4ኤ፣ ለሜሪላንድ አሠሪ ኤምደብሊው 507፣ ለቨርጂኒያ አሠሪ ቪኤ-4 የሚባሉት ቅጾች ናቸው። ሥራ ስንጀምር የፌዴራሉን ደብሊው-4 ብቻ ሞልተን የስቴቱን እንዘነጋዋለን፤ ችግሩ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው። ስምምነቱ ለደመወዝ ብቻ መሆኑንም አስታውሱ፤ የራስ ንግድ ገቢን አይሸፍንም።

ሚኒሶታ ያላችሁ ደግሞ ከሚሺጋንና ከኖርዝ ዳኮታ ጋር እንዲህ ያለ ስምምነት አላችሁ። ከዊስኮንሲን ጋር የነበረው ግን ከ2010 ጀምሮ ቀርቷል።

ኒውዮርክ፦ ከደንቡ የሚለየው ስቴት

ከላይ «በተቀመጥንበት ወንበር» ያልነው ደንብ የማይሠራባቸው ጥቂት ስቴቶች አሉ። ዋናው ኒውዮርክ ነው፤ ፔንሲልቬንያና ዴላዌርም ተመሳሳይ ሕግ አላቸው። የኒውዮርክ ሐሳብ ይህ ነው፦ የተመደብክበት ቢሮ ኒውዮርክ ከሆነ፣ ከቤትህ የምትሠራው አሠሪህ አስፈልጎት ሳይሆን አንተ ስለተመቸህ ከሆነ፣ ቤትህ ሆነህ የሠራኸው ቀን ኒውዮርክ እንደሠራኸው ይቆጠራል።

ይህን የተከራከረ ሰው አለ። ኤድዋርድ ዘሊንስኪ የተባሉ የሕግ ፕሮፌሰር የሚኖሩት ኮኔቲከት፣ የሚያስተምሩት ኒውዮርክ ከተማ ነበር። በሳምንት የተወሰኑትን ቀናት ቤታቸው ሆነው ይጽፉና ይዘጋጁ ነበርና «ለእነዚያ ቀናት ለኒውዮርክ አልከፍልም» ብለው ከሰሱ። የኒውዮርክ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2003 ፈረደባቸው። የታክስ ሕግ የሚያስተምሩ ሰው ያላሸነፉትን ክርክር እኛ «አይመለከተኝም» ብለን ልናልፈው አንችልም።

ስለዚህ ዳላስ የሚኖር ወንድም የተመደበበት ቢሮ ኒውዮርክ ከሆነና አልፎ አልፎ እየበረረ እዚያ የሚሠራ ከሆነ፣ ዳላስ ቤቱ ሆኖ ለሠራበት ቀን ጭምር ኒውዮርክ ታክስ ልትጠይቀው ትችላለች። የሥራ ውል ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «የተመደብኩበት የሥራ ቦታ በጽሑፍ የት ነው?» መልሱ «ቤትህ ነው» ከሆነ በደብዳቤ ይሰጣችሁ። ይህ ወረቀት በዓመት በሺህ የሚቆጠር ዶላር ሊያወጣ ይችላል።

ሁለት ስቴት በትክክል ሲጠይቅ

አንዳንዴ ሁለቱም ስቴቶች መብት ይኖራቸዋል። ቨርጂኒያ የሚኖር ሰው ለሁለት ወር ኖርዝ ካሮላይና ተልኮ ቢሠራ፣ ኖርዝ ካሮላይና ለሁለቱ ወር፣ ቨርጂኒያ ለዓመቱ በሙሉ ትጠይቀዋለች። በአንድ ገቢ ሁለት ጊዜ እንዳይከፍል የመኖሪያው ስቴት ለሌላው የተከፈለውን ይቀንስለታል። ይህ ክሬዲት ይባላል።

አሠራሩን በቁጥር እንየው። በሁለቱ ወር ገቢ ላይ የመኖሪያ ስቴታችሁ 500 ዶላር፣ ሌላው ስቴት 400 ዶላር የሚጠይቅ ከሆነ፣ 400ውን ለዚያኛው፣ ቀሪውን 100 ለመኖሪያችሁ ትከፍላላችሁ። ሌላው ስቴት 600 ከጠየቀ ግን ለመኖሪያችሁ ምንም አትከፍሉም፤ ትርፉ 100 ዶላርም አይመለስላችሁም። ቅደም ተከተሉ አስፈላጊ ነው፦ መጀመሪያ የነዋሪ ያልሆነውን ስቴት ቅጽ፣ ቀጥሎ የመኖሪያውን።

ሜሪላንድ ቀደም ሲል ይህን ክሬዲት ለስቴቱ ታክስ እንጂ ለካውንቲው ታክስ አትሰጥም ነበር። አንድ ባልና ሚስት ተከራክረው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 በ5 ለ4 ድምፅ ፈረደላቸው። ዛሬ ሜሪላንድ የምትኖሩ ክሬዲቱን ከካውንቲው ታክስም ላይ መጠየቅ ትችላላችሁ። ታክስ የሚሠራላችሁ ሰው ይህን መሙላቱን አረጋግጡ።

ስንጓዝና ስንዛወር

ኮምፒውተሩን ይዞ ረመዳንን ከቤተሰብ ጋር ሚኒሶታ ያሳለፈ ወንድም እዚያ ሆኖ የሠራቸው ቀናት ይቆጠራሉ። ስንት ቀን ወይም ስንት ዶላር ሲደርስ ቅጽ እንደሚያስፈልግ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ስለዚህ የት የት ሆናችሁ እንደሠራችሁ በስልካችሁ ካላንደር ላይ መዝግቡ። ዓመቱ ካለቀ በኋላ ማስታወስ ይከብዳል።

አዲስ አበባ ሄዶ ሁለት ወር እየሠራ የሚቆይም አለ። ቤቱና ቤተሰቡ ሜሪላንድ ከሆነ አሁንም የሜሪላንድ ነዋሪ ነው፤ የሁለቱም ወር ደመወዝ በፌዴራልም በስቴትም ይታከሳል። አሜሪካና ኢትዮጵያ የገቢ ታክስ ስምምነት የላቸውም። ቆይታው ሲረዝም የኢትዮጵያም ሕግ ይመጣል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ የቆየ ሰው በታክስ ሕጉ እንደ ነዋሪ ይቆጠራል። ረዘም ላለ ጊዜ ለመቆየት ያሰበ ከመሄዱ በፊት ባለሙያ ያማክር።

በዓመቱ አጋማሽ ከሜሪላንድ ወደ ቴክሳስ የተዛወረ ሰው እስከተዛወረበት ቀን ላለው ገቢ ለሜሪላንድ የከፊል ዓመት ነዋሪ ሆኖ ይሞላል። የኪራይ ውሉ፣ መንጃ ፈቃዱ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት መቼ እንደተለወጡ የሚያሳይ ወረቀት ይያዝ።

የዘመድ አድራሻ

አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። «የአጎቴን ልጅ የዳላስ አድራሻ ብሰጥ ታክስ አይቆረጥብኝም» የሚል ምክር በሻይ ቤት ይሰማል። ልጆቹ ፌርፋክስ እየተማሩ፣ መኪናው ፌርፋክስ እያደረ፣ በወረቀት ዳላስ መኖር አይቻልም። ቨርጂኒያ ውስጥ መኖሪያ ያለውና በዓመቱ ከ183 ቀን በላይ የቆየ ሰው በሕጉ ነዋሪ ነው፤ አድራሻው ላይ የተጻፈው አይለውጠውም።

ከሕጉም በላይ፣ የታክስ ቅጽ ግርጌ ላይ የምንፈርመው «ከላይ ያለው ሁሉ እውነት ነው» ብለን በሐሰት ከተገኘን ልንቀጣ ተስማምተን ነው። ምስክርነት ነው። በዲናችን የሐሰት ምስክርነት ከከባድ ወንጀሎች መካከል እንደሚቆጠር ሁላችንም ከልጅነታችን ተምረናል። ታክሱ በዛብን ብለን መከራከር፣ በሕግ የተፈቀደውን ተቀናሽ ሁሉ መጠየቅ መብታችን ነው። ያልኖርንበትን ቤት ኖርኩበት ብሎ መፈረም ግን ሌላ ነገር ነው።

ምን እናድርግ?

1. የመጀመሪያውን የደመወዝ ወረቀት ተመልከቱ። የየትኛው ስቴት ስም አለ? የመኖሪያችሁ ካልሆነ ወይም ምንም ከሌለ በዚያው ሳምንት ለደመወዝ ክፍሉ በኢሜይል ጻፉ። በቃል ብቻ አትናገሩ።

2. አሠሪው ለመኖሪያ ስቴታችሁ አልቆርጥም ካለ ዕዳው ከእናንተ ላይ አይወርድም። በየሩብ ዓመቱ ራሳችሁ ለስቴቱ ክፈሉ። ቀኖቹ በአብዛኛው ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና ጃንዋሪ 15 ናቸው፤ ቨርጂኒያ የመጀመሪያውን ሜይ 1 ታደርገዋለች። በ1099 የምትሠሩም ማንም ስለማይቆርጥላችሁ በዚሁ መንገድ ትከፍላላችሁ።

3. ደብሊው-2 ሲደርሳችሁ ከታች ያሉትን 15፣ 16 እና 17 ቁጥር ሳጥኖች አንብቡ። ስቴቱን፣ ለዚያ ስቴት የተቆጠረውን ደመወዝና የተቆረጠውን ታክስ ያሳያሉ። ስህተት ካለ የተስተካከለ ደብሊው-2 ጠይቁ።

4. ታክስ ለሚሠራላችሁ ሰው «የምሠራው ከቤቴ ነው፣ አሠሪዬ እዚህ ስቴት ነው» ብላችሁ ንገሩት። ካልነገራችሁት ወረቀቱን ብቻ አይቶ ይሞላል። ቢሳሳትም ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ።

5. የመክፈያውን አቅም ያላገኘ በአይአርኤስ ድጋፍ በነፃ ታክስ የሚሠሩትን የቪታ ማዕከላት ይጠይቅ። ቀጠሮ ስትይዙ የሁለት ስቴት ታክስ ይሠሩ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

6. የቀኑን ገደብ አትርሱ። የፌዴራሉ፣ የሜሪላንድና የዲሲ ኤፕሪል 15፣ የቨርጂኒያ ሜይ 1 ነው።

ደብዳቤው ከመጣ

ፖስታውን መሳቢያ ውስጥ መክተት ዕዳውን ያሳድገዋል። ቅጽ ላልገባበት ዓመት ደግሞ ስቴቱ እስከ መቼ ሊጠይቅ እንደሚችል የሚቆጥረው ጊዜ አይጀምርም፤ ከአሥር ዓመት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ደብዳቤ ሳይመጣ ቀድሞ ራሱ የቀረበ ሰው በብዙ ስቴቶች የቅጣት ቅናሽ የመጠየቅ ዕድል አለው። መክፈል ያቃተውም በየወሩ ከፋፍሎ የሚከፍልበት አሠራር አለ።

እህታችን የሁለቱን ዓመት ቅጽ አሠርታ አስገባች፤ በየወሩ ለመክፈልም ተስማማች። ለአሠሪዋ ቪኤ-4 ሞልታ ላከች፤ አሁን በየቼኩ ለቨርጂኒያ ይቆረጣል። «ያኔ አንድ ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ» አለችን። ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ሁሉ በዚህ ሳምንት ከቤቱ የሚሠራ አንድ ወንድም ወይም እህት ጠይቁ፦ «የደመወዝ ወረቀትህ ላይ የየትኛው ስቴት ስም ነው ያለው?»

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል አድርጎ ይባርክልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።